«ጠጠር ያለ ምንጣፍ»፦ ከማውስ ሥር ላለው ነገር ትክክለኛ ስም

ፍራሽ ሊገዛ የወጣ ሰው ሻጩ ስለ ጨርቁ ውበት የሚነግረውን ሰምቶ ሲጨርስ መዳፉን ስፖንጁ ላይ አሳርፎ ይጫናል። እጁ ጠልቆ ከገባ «ይሄ ያሰጥማል» ብሎ ያልፈዋል፤ መልሶ ከገፋው «ይሄስ ጠጠር ያለ ነው» ይላል። ሊጥ የምታቦካ እናትም «ጠጠር አድርጊው» ስትል ልጇ ምን ያህል ውኃ እንደምትጨምር ታውቃለች። ይህን የፍራሽና የሊጥ ቃል ዛሬ ወደ ኮምፒውተር ጠረጴዛ ላመጣው እፈልጋለሁ፤ እዚያ በእጅጉ ያስፈልጋልና።

ጌም የሚጫወቱ ወጣቶች «ማውስ ፓድ» የሚሉትን በአማርኛ «የማውስ ምንጣፍ» ብንለው የሚቸገር አይኖርም። ችግሩ የሚመጣው «ፈርም» የሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ሲጨመርበት ነው። ብዙዎቻችን «ጠንካራ» ብለን እንተረጉመዋለን። «ጠንካራ» ግን ለአንዱ ቶሎ የማያልቅ፣ ለሌላው እንደ መስታወት የደረቀ ማለት ይሆናል። በዚህ የተነሣ አንዱ ዘላቂ ዕቃ ፈልጎ፣ ሌላው ፕላስቲክ ሰሌዳ ፈልጎ፣ ሁለቱም ያላሰቡትን ገዝተው ይገባሉ።

ትርጉሙ

ጠጠር ያለ ምንጣፍ፦ ላዩ ጨርቅ፣ ሥሩ ጎማ ወይም ስፖንጅ ሆኖ፣ በእጅ ሲጫኑት ብዙም የማይሰጥም፣ ጫናው ሲነሣለት ቶሎ ወደ ቦታው የሚመለስ የማውስ ምንጣፍ።

በዚህ ትርጉም ውስጥ አንድ ነገር ልብ ይሏል፤ ቃሉ የሚናገረው ስለ ሥሩ ነው። ማውሱ መፍጠኑና መዘግየቱ በአብዛኛው ከላይኛው ጨርቅ አሸማመን ይመጣል። የጃፓኑ «አርቲዛን» ይህን በግልጽ ያሳየናል። «ዜሮ» እና «ሂየን» የተባሉትን ምንጣፎቹን የእያንዳንዱን ጨርቅ ሳይለውጥ በሦስት ዓይነት ሥር ይሸጣቸዋል፦ ኤክስ ሶፍት፣ ሶፍት እና ሚድ። ከሦስቱ ጠጠር ያለው «ሚድ» ነው። ስሙን «መካከለኛ» ብሎ የተረጎመ ገዢ ከእሱ የበለጠ የጠጠረ ሊፈልግ ይችላል፤ ከሦስቱ ግን የመጨረሻው እሱ ነው።

ከዚህ ሌላ ከመስታወት፣ ከብረት ወይም ከፕላስቲክ የሚሠራ አለ። ዛሬ «ስቲልሲሪስ» የሚባለው የዴንማርክ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲመሠረት በመጀመሪያ የታወቀው «አይስማት» በተባለ የመስታወት ዕቃ ነበር። ይህ ዓይነቱ ከነጭራሹ ስለማይሰጥም ምንጣፍ መባሉ አይገባውም፤ «የማውስ ሰሌዳ» ቢባል ከጨርቁ በቀላሉ ይለያል።

ለምን ያስፈልጋል?

ዳግላስ ኤንግልባርት እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ማውስን ለሕዝብ ሲያሳይ የዛሬው ምንጣፍ ጉዳይ አልነበረም። በኋላ ሆዱ ውስጥ ኳስ ያለው ማውስ ሲስፋፋ፣ ኳሱ ጠረጴዛ ላይ እየተንሸራተተ መሽከርከር ስለሚያቅተው የሚይዝለት ነገር ተፈለገ። የዚያን ጊዜ ምንጣፍ ሥራው መያዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ማይክሮሶፍት «ኢንተሊማውስ ኤክስፕሎረር» የተባለውን በብርሃን የሚሠራ ማውስ ሲያወጣ ምንጣፍ ለቢሮ ሥራ የግድ መሆኑ ቀረ። ለጌም ግን ጭራሽ አስፈላጊነቱ ጨመረ፤ ምክንያቱም አሁን ጉዳዩ እጅ በቀላሉ መነሣቱና በፈለገው ቦታ መቆሙ ሆነ።

ቁጥሩ ይህን ያሳያል። ካውንተር ስትራይክ በተባለው የተኩስ ጌም ውስጥ ማውሱ 800 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 800 ነጥብ የሚቆጥር)፣ የጌሙ ሴንሲቲቪቲ (ለእጅ እንቅስቃሴ የሚሰጠው ምላሽ መጠን) 1 ቢሆን፣ ተጫዋቹ ሙሉ ዙር ለመዞር እጁን 52 ሴንቲ ሜትር ያህል ማንቀሳቀስ አለበት። ለአንድ ዲግሪ ደግሞ 1.4 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ያው እጅ አንዴ ክንድ ሙሉ ይጠርጋል፤ ወዲያው ደግሞ ከጤፍ ፍሬ ብዙም ያልበለጠ እርማት ያደርጋል።

ቁም ሳጥን ወለል ላይ የጎተተ ሰው የመጀመሪያው ግፊት እንደሚከብድ፣ ከተነቃነቀ በኋላ እንደሚቀል ያውቃል። የመጀመሪያውን «የመነሻ ፍትጊያ»፣ ሁለተኛውን «የጉዞ ፍትጊያ» እንበላቸው። ለስላሳ ምንጣፍ ላይ እጁን የተጫነ ተጫዋች የማውሱን እግሮች ትንሽ ጉድጓድ ውስጥ ይከታቸዋል፤ ለመነሣት ከዚያ መውጣት አለባቸው። ጭንቅ ሰዓት ላይ ሁላችንም እጃችንን እንጫናለን፤ ማውሱም በዚያው ሰዓት ይከብዳል። ጠጠር ያለው ምንጣፍ ላይ ጉድጓዱ እምብዛም ስለማይፈጠር እጅ ቢጫንም ባይጫንም የማውሱ አካሄድ ተቀራራቢ ነው።

ይህ ማለት ለስላሳው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። እንግሊዝኛው «ስቶፒንግ ፓወር» የሚለውን እኛ በአንድ ቃል «ፍሬን» ልንለው እንችላለን። ለስላሳ ምንጣፍ በእጅ ጫና የሚሠራ ፍሬን አለው፤ ተጫን፣ ይቆማል። ይህን ፍሬን የለመደ ሰው ጠጠር ያለው ላይ ሲቀመጥ ዒላማውን አልፎ ይሄዳል፤ መቆሚያውን በጡንቻው እንደገና መማር ይኖርበታል።

እንዴት ይመዘናል?

ፋብሪካዎች የጎማን ጥጥርነት የሚለኩት በሾር መለኪያ ነው። አንድ ትንሽ ጫፍ ጎማው ላይ ተጭኖ ምን ያህል እንደገባ ይታይና ከ0 እስከ 100 ባለው ሚዛን ይጻፋል፤ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ጎማው ጠጣር ነው። ገዢ ይህ መሣሪያ ባይኖረውም የሚከተሉትን ማድረግ አይሳነውም።

1. አውራ ጣትህን ተጭነህ አንሣ። ጣትህ ብዙም ካልሰጠመና ጉድጓዱ ወዲያው ከጠፋ ጠጠር ያለ ነው፤ ጠልቆ ከገባ ለስላሳ ነው።

2. ውፍረቱን ተመልከት። የተለመደው ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ነው። 2 ሚሊ ሜትር የሆነ ለስላሳ ምንጣፍ ወዲያው ጠረጴዛው ላይ ስለሚደርስ ጠጣር መስሎ ይሰማል። ልዩነቱ በደንብ የሚታወቀው ወፈር ባለው ላይ ነው።

3. ምንጣፉን ጣውላ ላይ በፕላስተር አጣብቀህ ማውሱን አስቀምጥበትና የጣውላውን አንድ ጫፍ ቀስ እያልክ አንሣ። ማውሱ መንሸራተት በጀመረበት ቅጽበት የጫፉን ከፍታ በአግድሙ ርቀት ብታካፍለው የመነሻ ፍትጊያውን ታገኛለህ፤ ከፍታው 10፣ አግድሙ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 0.25 ማለት ነው። ከዚያ ማውሱ ላይ ጥቂት ሳንቲሞች አጣብቀህ ድገመው። ፈረንሳዊው ጊዮም አሞንቶን እ.ኤ.አ. በ1699 ባቀረበው ሕግ መሠረት ክብደት መጨመሩ ቁጥሩን ሊለውጠው አይገባም። ክብደት ሲጨመር ይበልጥ ማንሣት ካስፈለገህ ሥሩ እየሰጠመ ማውሱን እየያዘው እንደሆነ ጠርጥር።

4. በአግድም፣ በቁም፣ በሰያፍ ሞክረው። በአንዱ አቅጣጫ ቀሎ በሌላው ከከበደ ጉዳዩ የጨርቁ ሽመና እንጂ የሥሩ አይደለም።

5. አንድ ሰዓት ከተጫወትክ በኋላ እንደገና ፈትሽ። ላብና እርጥበት ጨርቁን ያዘገየዋል። ሞቃትና እርጥብ አየር ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው ይህን ፈተና መዝለል የለበትም።

አጠቃቀሙ

«ጨርቁ ፈጣን ነው፤ ሥሩ ግን ለስላሳ ስለሆነ ስጫነው ይይዘኛል።» «ጠጠር ያለ ምንጣፍ ከቀየርኩ ወዲህ ትንንሽ እርማት ቀሎኛል፤ ፍሬኑን ግን ገና አልለመድኩትም።» «እኔ የምፈልገው ሰሌዳ ሳይሆን ጠጠር ያለ ምንጣፍ ነው።»

እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች በ«ጠንካራ» ብቻ ለመናገር ብንሞክር እርስ በርስ ይምታታሉ። ሱቅ ስትገባ ከእንግዲህ ሁለት ጥያቄ ይዘህ ግባ፤ «ላዩ ፈጣን ነው ወይስ ዘገምተኛ?» እና «ሥሩስ ጠጠር ያለ ነው?» ሻጩ ለሁለተኛው መልስ ቢያጣም ፍራሽ ሲገዛ እንዳደገ ሰው አውራ ጣትህን አሳርፈህ ተጫን።