«ይቻላል» እና «ይገባል»፦ ከውጫሌ እስከ እድራችን የሥራ ዝርዝር

ዛሬም የምጽፈው ታሪክ ነው። የሚጀምረው ግን ከራሴ ጥፋት ነው፤ ታገሱኝ።

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እዚህ የካ ውስጥ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ዓመት ኮምፒዩተር ያጠና አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «ቲቸር፣ ይሄን ሁሉ መዝገብ በእጅ መሙላት ይብቃዎት» ብሎ አንድ ኤአይ ኤጀንት አዘጋጀልኝ። ኤጀንት ጥያቄ መልሶ ዝም የሚል ፕሮግራም አይደለም፤ በእኛ ስም ሥራ ይሠራል። በእኛ አማርኛ ወኪል ማለት ነው። የሚመራውም በሥራ ዝርዝር ነው። እያንዳንዱ ሥራ አንድ መስመር ይይዛል፤ ከጎኑ «ያልተጀመረ»፣ «በሥራ ላይ» ወይም «ያለቀ» ተብሎ ይጻፋል። ወኪሉ ትናንት የተነጋገርነውን ዛሬ አያስታውስም። ሲነሳ ዝርዝሩን ያነባል፣ ካቆመበት ይቀጥላል። ማስታወሻው እሱ ብቻ ነው።

ታዲያ ወኪሉ ዝርዝሩን እንዴት እንደሚጠቀምበት የሚያስረዳ መመሪያ መጻፍ ነበረብን። ልጁ «አማርኛውን እርስዎ ይጻፉት» አለኝ፤ ደስ ብሎኝ ጻፍኩ። ከጻፍኳቸው አንዱ «መዋጮ ለዘገየባቸው አባላት ማስታወሻ መላክ ይቻላል» ይላል። በልቤ «ጸሐፊው ካመነበት» ማለቴ ነበር። ወኪሉ ልቤን ከየት ያነባል? «ማስታወሻ መላክ» ብሎ ዝርዝሩ ላይ አሰፈረ፣ ለሁሉም ላከ፣ «ያለቀ» ብሎ ዘጋው።

መልእክቱ ከደረሳቸው መካከል ባለቤቷን ከቀበርን ሁለት ሳምንት ያልሞላት ጎረቤታችን ነበረች። ድንኳን ተክለን ያስተዛዘንናት እኛ፣ ዕዳ የጠየቅናትም እኛው። በማግስቱ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳት። «ምንም አይደል ጋሼ፣ ማሽን ነው» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። ዓረፍተ ነገሩ የኔ ነዋ!

ከቤቷ ወጥቼ ቀና ስል እንጦጦ ፊት ለፊቴ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ለእናንተ ያስተማርኩት ነገር ያኔ ትዝ አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው አይደል የሚባለው?

ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ውጫሌ ላይ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ አንቶኔሊ የፈረሙት ውል 20 አንቀጾች ነበሩት። አንቀጽ 17 የውክልና ጉዳይ ነው፤ ኢትዮጵያ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ስትላላክ የኢጣልያን መንግሥት አማላጅ አድርጎ ስለመጠቀም ይናገራል። አማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ቢፈልጉ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣልያንኛው ቅጂ ግን በዚያ በኩል ብቻ ለመላላክ ተስማምተዋል ተብሎ የሚተረጎም ነበር። ሮም ይህንኑ ይዛ በጥቅምት 1882 ዓ.ም. መጀመሪያ ለአውሮፓ መንግሥታት አስታወቀች።

በዚያው ወር ጥቅምት 25 ቀን ምኒልክ እዚሁ እንጦጦ ማርያም ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ ጫኑ። ከዚያ ንግሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ አበሠሩ። መልሱ ከለንደንም ከበርሊንም ሲመጣ ጉዳዩ በኢጣልያ በኩል መሆን እንዳለበት የሚጠቁም ሆነ። ስህተቱ የታወቀው ያኔ ነው። ውሉ ሲፈረም አልታየም፤ የታየው ሥራ ላይ ውሎ ውጤቱ ሲመለስ ነው። ከዚያ በኋላ ክርክሩ፣ በ1885 ውሉን መሻር፣ በመጨረሻም የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዐድዋ። በጥቅምት 1889 የተፈረመው የአዲስ አበባ ውል ውጫሌን ጨርሶ ሰረዘው።

በውጫሌ ጉዳይ ላይ የመንግሥት ፍላጎት ነበረበት፤ የሰፈር እድር መልእክት ከዚያ ጋር አይተካከልም። መንገዱ ግን አንድ ነው፦ «ቢፈልግ» ተብሎ የተጻፈው «ግድ ነው» ተብሎ ተነበበ፤ አንባቢው ደግሞ ጸሐፊውን መልሶ አልጠየቀም።

ይህን ለተማሪዬ ስነግረው ሳቀና «ቲቸር፣ የኛ ሙያ ይሄን ያወቀው ቆይቷል» አለኝ። ለካ የኢንተርኔት መሐንዲሶች እ.ኤ.አ. በ1997 ቁጥሩ 2119 የሆነ አጭር ሰነድ አውጥተዋል፤ ያዘጋጀው ስኮት ብራድነር ነው። ሰነዱ ሌላ ሥራ የለውም፤ በቴክኒክ መመሪያ ውስጥ «የግድ ነው»፣ «በቂ ምክንያት ከሌለ በቀር ይገባል» እና «እንደ ፈቃዱ ነው» የሚሉትን ቃላት ብቻ ነው የሚበይነው። የግዴታ ቃላትን በጥንቃቄና በቁጠባ ተጠቀሙ ብሎም ይመክራል። ሁለት ማሽኖች እንዳይጋጩ ሲሉ በአንድ ግስ ላይ ተቀምጠው ተስማሙ!

እኛም ቁጭ ብለን መመሪያውን እንደገና ጻፍነው። አንደኛ፣ «ይቻላል» የሚለውን ቃል ሙሉ በሙሉ አወጣነው። አማርኛችን ውስጥ ፈቃድም ነው፣ ችሎታም ነው፣ አንዳንዴ ትሕትና የለበሰ ትእዛዝም ነው። «ይሄን ማድረግ ይቻላል» ያለ አለቃ ምን ማለቱ እንደሆነ ሠራተኛው ያውቃል፤ ማሽን ግን ፊት አያይም። በምትኩ «የግድ»፣ «ክልክል» እና «ጸሐፊው ሲፈቅድ ብቻ» ብለን ለየን። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሥራ የማን እንደሆነ ተጻፈ፤ የወኪሉ ወይስ የሰው? ሐዘን ያለበት ቤት የሚመለከት ሁሉ የሰው ነው። ሦስተኛ፣ ወደ ሰው የሚሄድ መልእክት ከመውጣቱ በፊት እኔ ዘንድ ይመጣል፤ አይቼ ካልፈቀድኩ «ያለቀ» አይባልም። የውጫሌን ስህተት የገለጠው የተመለሰው ደብዳቤ ነበር፤ እኛ ግን ደብዳቤው ሳይወጣ ማየት አለብን።

ተማሪዎቼ፣ ክፍል ውስጥ አንቀጽ 17ን ሳስተምራችሁ «ተርጓሚው ነው ጥፋተኛው?» እያላችሁ ትከራከሩ ነበር። ዛሬ ብትጠይቁኝ እንዲህ እላለሁ፦ በስምህ ሌላ እንዲሠራ ስትጽፍ፣ እያንዳንዱ ግስ ፊርማህ ነው።

ጎረቤታችን ባለፈው እሁድ የእድሩ ስብሰባ ላይ መጥታ ነበር። አዲሱን መመሪያ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው፤ «የሐዘን ቤት» የሚለው ላይ ስደርስ ራሷን ነቀነቀች። ለኔ ይሄ ይበቃኛል።

እናንተስ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ «ይቻላል» ተብሎ ተጽፎ ጉድ የሠራችሁ ነገር አለ? ጻፉልኝ። መልካም ሰንበት።