ባዶው ሲመለስ ሙሉው ይሄዳል፦ የጋዝ ሲሊንደር ታሪክ

ጋዝን በብረት ዕቃ አምቆ በየቤቱ ማደል የተጀመረው ምግብ ለማብሰል ሳይሆን ለመብራት ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ በለንደን የመብራት ጋዝ ከድንጋይ ከሰል እየተመረተ፣ መሬት ውስጥ በተቀበረ ቧንቧ ወደ ጎዳናውና ወደ ባለጸጋው ቤት ይሄድ ነበር። ቧንቧው ያልደረሰለት ሰው በሻማና በኩራዝ ያመሻል። ለዚህ ሰው የታሰበው “ተንቀሳቃሽ ጋዝ” ነበር፤ ከዘይት የተሠራ ጋዝ የከባቢ አየርን ግፊት 30 እጥፍ ያህል ታምቆ በብረት ዕቃ ይታሸግና ደጁ ድረስ ይመጣለታል። ሲያልቅ ባዶው ይመለሳል፣ ሙሉው ይተካል። ዛሬ በካራቫን (በመኪና የሚጎተት የሽርሽር ቤት) ሣጥን ውስጥ ወይም በጓሮ ሥጋ መጥበሻ ሥር የሚቀመጠው ሲሊንደር ንግዱ የቆመው በዚሁ መመላለስ ላይ ነው። ጋዙ አንድ ቀን ነድዶ ያልቃል፤ ብረቱ ግን ለብዙ ዓመታት ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ስለዚህም የዚህ ንግድ ትልቁ ጥያቄ ከመጀመሪያው ጀምሮ ብረቱ የማን ነው፣ ማንስ ይሞላዋል የሚለው ነው።

የለንደኑ ንግድ አንድ ችግር ነበረበት። ጋዙ ሲታመቅ ከፊሉ ፈሳሽ ሆኖ ከዕቃው ግርጌ ይቀራል፤ 28 ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ወደ አራት ሊትር ተኩል የሚጠጋ ፈሳሽ ይጥል ነበር። ሳይንቲስቱ ማይክል ፋራዴይ ይህን ፈሳሽ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1825 ቤንዝን የተባለውን ውህድ ለየ (ከመኪናው ቤንዚን ጋር አይምታታም፤ ከዚህ በታችም ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያው ፈሳሽ ውስጥ የቡቴን የቅርብ ዘመድ የሆነ ጋዝም አገኘ። ለሻጮቹ ኪሳራ የነበረው ነገር፣ ማለትም ጋዝ ሲታመቅ ፈሳሽ መሆኑ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የንግዱ መሠረት ሆነ። አንድ ሊትር ፈሳሽ ፕሮፔን ሲተን 270 ሊትር ያህል ጋዝ ይወጣዋል። በአንድ ሰው ትከሻ የሚነሣ ሲሊንደር ለአንድ ቤተሰብ ለሳምንታት የሚያበስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ባዶውን ሰጥቶ ሙሉውን መውሰድ የብዙ ሰው ልማድ የሆነው ግን በመኪና ዘመን ነው። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች የኤሌክትሪክ መብራት አልነበራቸውም፤ ብዙዎቹ የፊት መብራታቸው በአሲቲሊን ጋዝ ይነድ ነበር። በ1904 በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ካርል ፊሸርና ጄምስ አሊሰን ፕሬስት-ኦ-ላይት የተባለውን ድርጅት ይዘው ተነሡ። አሽከርካሪው የአሲቲሊን ሲሊንደሩ ሲያልቅበት ወደ ወኪሉ ሱቅ ጎራ ብሎ ባዶውን ይፈታል፣ የተሞላ ያስራል፣ የጋዙን ብቻ ከፍሎ ይሄዳል። ሲሊንደሩ የእሱ ይሁን የሌላ ሰው አይጠይቅም፤ እንደ ለስላሳ ጠርሙስ፣ ባዶ እስካመጣ ድረስ ሙሉ ይሰጠዋል። ሥራው ዋጋም አስከፍሏል፤ በከተማዋ የነበሩት መሙያ ቤቶች ደጋግመው ፈንድተዋል። የኤሌክትሪክ መብራት ሲመጣ ገበያው ከሰመ፤ ስሙ ግን አልጠፋም። ዛሬም በብዙ አገር በፕሮፔን ሲሊንደር አፍ ላይ የሚገጠመው፣ ከተለመደው ብሎን በተቃራኒ ወደ ግራ ሲዞር የሚጠብቀው መያያዣ “ፒ-ኦ-ኤል” ይባላል፤ ፊደሎቹ የዚያው ድርጅት ስም ምሕፃር ናቸው።

ፕሮፔን ራሱ ለንግድ የበቃው በቤንዚን ምክንያት ነው። በ1910 ዋልተር ስኔሊንግ የተባለ በፒትስበርግ የሚሠራ የአሜሪካ መንግሥት ኬሚስት አንድ አቤቱታ ደረሰው። አንድ የፎርድ መኪና ባለቤት የሚገዛው ቤንዚን ቤቱ እስኪደርስ ግማሹ እንደሚተንበት ተናገረ። ስኔሊንግ ከዚያ ቤንዚን በጠርሙስ ይዞ ወደ ቤተ ሙከራው ሲሄድ ቡሹ በእንፋሎቱ ግፊት እየተፈናጠረ አስቸገረው። ከአሮጌ የውኃ ማሞቂያ በተወሰደ ጥቅልል ቱቦና በቤተ ሙከራ ባገኘው ዕቃ ማጣሪያ ሠርቶ፣ ከቤንዚኑ የሚያመልጡትን ጋዞች አንድ በአንድ ለያቸው፤ ፕሮፔንና ቡቴን ከመካከላቸው ነበሩ። በ1912 በፔንሲልቬኒያ ገጠር አንድ የእርሻ ቤት በዚህ ጋዝ መብራትና ምድጃ ገባለት። በ1913 ስኔሊንግ የፈጠራ መብቱን አግኝቶ ለነዳጅ ባለሀብቱ ለፍራንክ ፊሊፕስ በ50,000 ዶላር ሸጠው። ከቤንዚን ጋር ተቀላቅሎ ሲያስቸግር የነበረ ትርፍ ጋዝ በዚህ መንገድ ራሱን የቻለ ሸቀጥ ሆነ።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ሙከራ ነበር። በጀርመን አውግስቡርግ ሄርማን ብላው ከዘይት የሠራው ጋዝ በፈሳሽነት በብረት ሲሊንደር እየተሞላ ቧንቧ ለማይደርስባቸው ቤቶች ይላክ ነበር። በ1928 የበረረው ግራፍ ዘፔሊን የተባለው ግዙፍ የአየር መርከብ ለሞተሩ የተጠቀመው በዚሁ በብላው ስም በሚጠራ ጋዝ ነው፤ ክብደቱ ከአየር ጋር ስለሚቀራረብ ጋዙ ተቃጥሎ ሲያልቅ መርከቡ አይቀልም። የአየር መርከቦቹ ታሪክ ባልተጠበቀ መንገድ ወጥ ቤት ገባ። በግንቦት 1937 ሂንደንበርግ የተባለው የአየር መርከብ ተቃጥሎ የአትላንቲክ በረራው ሲቆም፣ ብራዚል ውስጥ ለአየር መርከቦቹ የተከማቹ ወደ 6,000 የሚጠጉ የፕሮፔን ሲሊንደሮች ባለቤት አጡ። ኦስትሪያ ተወልዶ ብራዚል የኖረው ኤርኔስቶ ኢጌል ገዛቸውና የማብሰያ ጋዝ ንግድ ጀመረባቸው። ኋላ ኡልትራጋዝ ተብሎ በአገሪቱ ካሉት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ የሆነው ከዚያ የተነሣ ነው።

በ1930ዎቹ የነዳጅ ማጣሪያዎች ሲበዙ ቡቴንም በዛ፤ ገዢ የሌለው ቡቴን ደግሞ በከንቱ ይቃጠል ነበር። በፈረንሳይ በ1931 ቡታጋዝ ተመሠረተ፤ የ13 ኪሎ ሲሊንደር በፈረንሳይ ቤቶች የተለመደ ዕቃ እስኪሆን ድረስ ንግዱ ተስፋፋ። ስሙም ከአገሩ ወጥቶ ተሰደደ፤ በግብፅ ቡታጋዝ ማለት ምድጃ ነው፤ በአማርኛም ቡታጋዝ ሲባል የሚታሰበው የፈረንሳይ ድርጅት ሳይሆን እሳቱና ምድጃው ነው። በብሪታንያ ካሎር የተባለው ድርጅት በ1935 ቡቴን በሲሊንደር ማከፋፈል ጀመረ። የመጀመሪያ ደንበኞቹ የከተማ ጋዝ የማይደርሳቸው የገጠር ቤቶች ነበሩ፤ ማከፋፈያዎቹም ምስማርና ቀለም የሚሸጡ የብረታ ብረት ሱቆች።

ካራቫን ከዚህ ንግድ ጋር የተገናኘው ዘግይቶ ነው። ለመዝናናት ተብሎ የተሠራ የመጀመሪያው ካራቫን የሚባለው በ1885 ዶክተር ጎርደን ስቴብልስ በብሪስቶል ያሠራው “ዋንደረር” ነው፤ በሁለት ፈረስ የሚጎተት ከባድ የእንጨት ቤት። የካራቫን ክበብ በ1907 ተቋቋመ፤ ኤክልስ የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1919 በመኪና የሚጎተት ካራቫን ሠርቶ ለገበያ አቀረበ። በዚያ ዘመን መንገደኛው የሚያበስለው በላምባ ነበር። በ1892 በስቶክሆልም የተሠራው ፕሪመስ የተባለው ምድጃ በፓምፕ ይነፋል፣ በአልኮል ይሞቃል፣ ሲነድ ይጮኻል፤ ሽታውም ጠባቧን ክፍል ይሞላል። ሲሊንደር ሲመጣ ይህ ሁሉ ጣጣ ቀረ፤ ቫልቩን ከፍቶ ክብሪት መጫር ብቻ በቂ ሆነ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ያው ነበልባል ምግብም ማቀዝቀዙ ነው። ሁለት ስዊድናውያን ተማሪዎች፣ ባልትዛር ፎን ፕላተንና ካርል ሙንተርስ፣ በ1922 በሙቀት የሚሠራ፣ ሞተር የሌለው ማቀዝቀዣ ፈጠሩ። ይህ ማቀዝቀዣ ካራቫን ውስጥ ሲገባ አንድ ሲሊንደር ማብሰያውን፣ ማሞቂያውንና ማቀዝቀዣውን በአንድነት የሚያሠራ ሆነ። በ1949 በፈረንሳይ የተጀመረው ካምፒንጋዝ ደግሞ ትንንሽ ሰማያዊ ዕቃዎቹን በብዙ አገር አዳርሶ፣ ድንኳን ተሸክሞ የሚጓዘውንም የጋዝ ተጠቃሚ አደረገው።

ካራቫነኛ በልምድ የሚያውቀውና አዲስ ገዢ የሚሳሳትበት ጉዳይ የቡቴንና የፕሮፔን ልዩነት ነው። ቡቴን ከዜሮ በታች ግማሽ ዲግሪ ሲደርስ መትነን ያቆማል፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ዲግሪ ከዜሮ በታች ይተናል። በውርጭ ማለዳ ቡቴን ያለበት ሲሊንደር ሙሉ ሆኖ ሳለ ምድጃው አይነድም። ካሎር ቡቴኑን በሰማያዊ፣ ፕሮፔኑን በቀይ ሲሊንደር የለየው ገዢው ከሩቅ እንዲያውቀው ነው። የቀረውን መጠን ለማወቅ ደግሞ ነባሮቹ አንድ ቀላል ዘዴ አላቸው። ለብ ያለ ውኃ በሲሊንደሩ ጎን ላይ ከላይ እስከ ታች ያፈሱና በመዳፍ ይዳስሱታል። ጋዝ ብቻ ያለበት የላይኛው ክፍል ይሞቃል፤ ፈሳሹ ያለበት ግን ሙቀቱን ስለሚወስድ ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆያል። መዳፉ ከሙቀት ወደ ቅዝቃዜ የሚሻገርበት መስመር የፈሳሹ ከፍታ ነው።

ሁለቱም ጋዞች ከአየር ይከብዳሉ፤ ፕሮፔን በአንድ ተኩል እጥፍ፣ ቡቴን በሁለት እጥፍ ያህል። ስለዚህ የሚያፈስ ጋዝ ወደ ጣሪያ አይወጣም፤ እንደ ውኃ ወርዶ ወለል ላይ ይተኛል። የካራቫን የጋዝ ሣጥን ከውስጥ ክፍሉ ተለይቶ ታችኛው ወለሉ ላይ ክፍት ቀዳዳ የሚደረግለት በዚህ ምክንያት ነው፤ ያንን ቀዳዳ ብርድ ለመከላከል ብሎ በጨርቅ መድፈን ሕይወት ያስከፍላል። ጋዙ በተፈጥሮው አይሸትም። በመጋቢት 1937 በቴክሳስ ኒው ለንደን ትምህርት ቤት ሽታ የሌለው የተፈጥሮ ጋዝ ሳይታወቅ ከወለል በታች ተጠራቅሞ ሲፈነዳ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ በጋዝ ላይ ሽታ መጨመር በሕግ ግዴታ እየሆነ መጣ። ዛሬ ሲሊንደር ሲያፈስ የሚሸተው ሆን ተብሎ የሚጨመር መርካፕታን ነው። መያያዣውን ለመፈተሽ በሳሙና አረፋ መቀባት ይበቃል፤ የሚያፈስ ከሆነ አረፋው እየተነፋ ይጠቁማል። በክብሪት መፈተሽ ግን የብዙ ሰው ፊት ያቃጠለ ስሕተት ነው።

የጓሮ ጥብስ ወደ ጋዝ የዞረው አሜሪካ ውስጥ ነው። በ1952 በቺካጎ አካባቢ የብረታ ብረት ሠራተኛ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን ለሐይቅ መርከቦች የሚሠራውን ክብ የብረት ተንሳፋፊ ለሁለት ከፍሎ ክዳን ያለው የከሰል መጥበሻ ሠራ፤ ዌበር የሚባለው መጥበሻ መነሻው ይህ ነው። በ1960ዎቹ የጋዝ መጥበሻ ገበያ ገባ፤ መጀመሪያ ከቤት ቧንቧ ጋር የሚያያዝ ነበር፣ ኋላ ግን 20 ፓውንድ (9 ኪሎ ያህል) ፕሮፔን በሚይዝ ሲሊንደር እየሠራ ጎማ ባለው ጋሪ ላይ ተተከለ። ከሰሉን ማቀጣጠልና አመድ መጥረግ ቀረ፤ ከሰል የሚሰጠው የጭስ ጣዕም ግን አብሮ ቀነሰ፤ ይህን የሚክስ ጋዝ እስካሁን የለም።

ሲሊንደር ሲበዛ አሞላሉ አሳሳቢ ሆነ። ፈሳሽ ፕሮፔን ሲሞቅ በብዙ ይለጠጣል፤ ስለዚህ ሲሊንደር ከ80 በመቶ በላይ መሞላት የለበትም። አፉ ድረስ የተሞላ ሲሊንደር በፀሐይ ወይም በመኪና ሻንጣ ውስጥ ሲግል ትርፉን በደኅንነት ቫልቩ ይተፋል። ለዚህ መፍትሔው ሲሊንደሩ ውስጥ የሚንሳፈፍ፣ መጠኑ ሲደርስ መግቢያውን የሚዘጋ መቆጣጠሪያ ነበር። በአሜሪካ ከሚያዝያ 2002 ጀምሮ ይህ የሌለው የጓሮ ሲሊንደር እንዳይሞላ ተከለከለ፤ ባለ ሦስት ማዕዘን የቫልቭ እጀታው መለያው ነው። በዚያው ዘመን ከሱቅ ደጃፍ ባለ ቁልፍ የብረት ሣጥን ባዶውን በሙሉ መለወጥ ተስፋፋ። ገዢው ከወረፋ ዳነ፤ ግን ምን ያህል ጋዝ እንደሚገዛ በዓይኑ አያይም። በ2008 በዚህ ንግድ የተሠማሩ ሁለት ትልልቅ ድርጅቶች የሚሞሉትን መጠን ከ17 ፓውንድ ወደ 15 ፓውንድ ዝቅ አደረጉ፤ ዋጋው ግን አልቀነሰም። የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን በ2014 ክስ መሥርቶባቸዋል። ክብደቱን ለማረጋገጥ ግን ሚዛን ይበቃል፤ ባዶው ሲሊንደር ስንት እንደሚመዝን አንገቱ ላይ ባለው ብረት ተቀርጿል፣ ከሙሉው ክብደት ሲቀነስ የቀረው ጋዝ ነው።

በአውሮፓ ክርክሩ ከሁሉም በላይ ስለ ባለቤትነት ነው። በብሪታንያ ደንበኛው የሚከፍለው ለጋዙና ለኪራይ ውል ነው፤ ሲሊንደሩ የድርጅቱ ንብረት ሆኖ ይቀራል፣ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ መሙላትም አይቻልም። ድርጅቶቹ የሚያቀርቡት ምክንያት ተገቢ ነው፤ ሲሊንደር የሚመረመረው፣ የዛገው የሚለየውና ያረጀው ቫልቭ የሚቀየረው ወደ መሙያው ሲመለስ ነው። የካራቫነኛውም ቅሬታ እንዲሁ ተገቢ ነው፤ የእንግሊዙ ሲሊንደር ፈረንሳይ ውስጥ አይለወጥም፣ ግማሽ ጋዝ የቀረበት ሲመለስም ለቀረው ጋዝ ገንዘብ አይታሰብም። በዚህ መሐል የመጣው ገዢው ለራሱ የሚገዛው፣ መኪና በጋዝ በሚሞላባቸው ጣቢያዎች የሚሞላ ሲሊንደር ነው። 80 በመቶ ሲደርስ ራሱ ይዘጋል፤ የሚከፈለው በሊትር፣ በገባው ልክ ነው። በጋዝ የሚነዱ መኪናዎች በብሪታንያ እየቀነሱ ሲሄዱ ጣቢያዎቹም አብረው ቀነሱ፤ በጣሊያንና በፖላንድ ግን ዛሬም ብዙ ናቸው። የመሙያው አፍ ከአገር አገር ስለሚለያይ፣ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ካራቫነኛ በጋዝ ሣጥኑ ውስጥ አንዱ ለጣሊያን፣ አንዱ ለጀርመን፣ አንዱ ለስፔን የሚሆን የናስ መያያዣዎች በአንዲት ከረጢት ይዞ ይጓዛል።