በሩ ላይ የቆመው ሰውዬ

“ሪሜምበር ዘ ታይታንስ” የተሰኘውን የዴንዝል ዋሽንግተን ፊልም ያላየ አንባቢ ብዙ ያለ አይመስለኝም። ለዕይታ የበቃው በ2000 ነው (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በ1971 ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በአንድ የፉትቦል ቡድን ውስጥ ሆነው መጀመሪያ እንዴት እንደተናከሱ፣ በኋላም እንዴት ወንድማማች እንደሆኑ ያሳየናል። ትምህርት ቤቱ የሆሊዉድ ፈጠራ አይደለም። ከዋሽንግተን ዲሲ ወንዝ ማዶ፣ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ከተማ ይገኛል። ያኔ ስሙ ቲ.ሲ. ዊልያምስ ነበር። በ2021 ግን አሌክሳንድሪያ ሲቲ ሃይስኩል ተባለ። ለምን ቢሉ፣ ዊልያምስ የተባሉት የቀድሞ የትምህርት ኃላፊ ጥቁርና ነጭ ልጆች አብረው እንዳይማሩ አጥብቀው የተሟገቱ ሰው ነበሩ።

አሌክሳንድሪያ ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ከተማ ናት። ትምህርት ቤቶቿ ለወላጅ የሚልኩትን ማስታወቂያ በአማርኛም ያዘጋጃሉ። እንግዲህ የማወራችሁ ነገር “የፈረንጅ ጣጣ” ብቻ አይደለም፤ የእኛም ልጆች በዚያ በር ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ስሙ በተቀየረበት በዚያው ዓመት፣ የከተማዋ ምክር ቤት አንዱን ጥያቄ በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ በተቃራኒ መንገድ መለሰው። በሜይ፣ በ4 ለ3 ድምፅ፣ ፖሊሶች ከትምህርት ቤት ይውጡ፤ ለእነሱ የሚወጣው 800 ሺህ ዶላር ገደማ ለተማሪዎች የአእምሮ ጤና ይዋል ተባለ። በኦክቶበር፣ ስብሰባው እኩለ ሌሊትን ተሻግሮ፣ አሁንም በ4 ለ3፣ ፖሊሶቹ ለጊዜው ይመለሱ ተባለ። በመካከሉ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ጠብ በርክቶ ነበር፣ ወላጅም ተሸብሮ ነበር።

አንድ ድምፅ ናት ነገሩን የገለበጠችው። ለመሆኑ ይሄን ያህል ያወዛገበው ሰውዬ፣ ሽጉጥ ታጥቆ የትምህርት ቤት በር ላይ የቆመው ሰውዬ፣ መጀመሪያ እዚያ ምን ሊሠራ መጣ?

ታሪኩን ከሊትል ሮክ ልጀምር። መስከረም 1957፣ አርካንሳስ ግዛት። ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ሴንትራል ሃይስኩል ሊገቡ ሲሉ፣ አገረ ገዢው ኦርቫል ፎበስ የግዛቱን ብሔራዊ ዘብ አሰልፎ በሩን ዘጋባቸው። ምክንያቱ ምን ነበር? “ጸጥታ ለማስከበር!” ከሦስት ሳምንት በኋላ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር 101ኛውን አየር ወለድ ክፍል ልኮ ልጆቹን በወታደር አጀብ አስገባቸው። ይሄኛውም ጸጥታ ለማስከበር ነበር። አንድ በር፣ አንድ ወር፣ ሁለት ጠመንጃ ያዥ። አንደኛው ልጆቹን ሊያስቀር፣ ሌላኛው ሊያስገባ። ዩኒፎርሙን አይቶ ብቻ የቱ ጠባቂ እንደሆነ ማወቅ አይቻልም ነበር፤ ወሳኙ የላከው ሰውና የተሰጠው ትእዛዝ ነው። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

በዚያው በ1950ዎቹ፣ የመኪና ፋብሪካ ከተማ በሆነችው ፍሊንት፣ ሚሺጋን፣ ሌላ ዓይነት ሙከራ ተጀመረ። ፖሊስ በቋሚነት ትምህርት ቤት ተመድቦ ከተማሪ ጋር ይላመድ፣ ይምከር፣ ልጁ ሳያጠፋ በፊት ይድረስለት የሚል ሐሳብ ነበር። ለዛሬው “የትምህርት ቤት ሪሶርስ ኦፊሰር” አባት ይሄ የፍሊንት ፖሊስ ነው ይባላል። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። በ1975 እንኳ ፖሊስ ያለባቸው የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ነበሩ።

ጨዋታው የተቀየረው በ1990ዎቹ ነው። የወጣቶች ወንጀል አገሩን አስጨነቀ። በ1994 ጠመንጃ ይዞ የተገኘ ተማሪ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ከትምህርት እንዲባረር የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ ወጣ። “ዜሮ ቶለራንስ” የሚባለው አካሄድም በየትምህርት ቤቱ ተስፋፋ። ከዚያ ኤፕሪል 20 ቀን 1999 መጣ፤ ኮለምባይን። ሁለት ተማሪዎች በዕለቱ 12 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደሉ። መንግሥት ወዲያው “ኮፕስ ኢን ስኩልስ” በሚል ፕሮግራም ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሶ ከ6 ሺህ በላይ ፖሊሶች በየትምህርት ቤቱ አስቀጠረ።

ብዙ ሰው የሚረሳት አንዲት ነገር አለች፤ ኮለምባይን የራሱ ፖሊስ ነበረው። ሰውዬው ከአንደኛው ገዳይ ጋር ከሩቅ ተኩስ ተለዋውጧል፣ አልመታውም። ሌሎቹ ፖሊሶች ሕንፃውን ከበው ልዩ ኃይል ሲጠብቁ፣ የቆሰለው መምህር ለሦስት ሰዓት ያህል ደሙ ፈስሶ ሞተ። እናም የተገኘው መድኃኒት ቀድሞም እዚያው የነበረው ሆነ!

እየቆየ ደግሞ ሌላ ጥያቄ መጣ። ጅምላ ግድያ፣ ምንም አሰቃቂ ቢሆን፣ በአንድ ትምህርት ቤት የየቀኑ ነገር አይደለም። ታዲያ ፖሊሱ በቀሩት ቀናት ምን ይሠራል? እኛ “ወላጅ አምጪ!” ተብለን የምናልፈው ጥፋት እዚያ ካቴና የሚያስገባ ሆነ። በ2015 በሳውዝ ካሮላይና አንዲት ተማሪ ክፍል ውስጥ ስልክ ይዛ፣ ውጪ ብትባል እምቢ በማለቷ፣ ፖሊስ ከነወንበሯ ገልብጦ መሬት ለመሬት ሲወረውራት ዓለም በቪዲዮ አይቷል። ድርጊቱን የተቃወመች የክፍል ጓደኛዋም ታሰረች። የተከሰሱበት ሕግ “ትምህርት ቤት መረበሽ” የሚል ነበር። በ2018 ተማሪዎች በዚያ ሕግ በራሳቸው ትምህርት ቤት እንዳይከሰሱ ተሻሻለ። ይሄ የአንድ ፖሊስ ክፋት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የፌዴራል መንግሥቱ አኃዝ እንደሚያሳየው በ2015-16 የትምህርት ዘመን ጥቁር ተማሪዎች ከጠቅላላው 15 በመቶ ነበሩ፤ ለፖሊስ ከተላለፉትና ከታሰሩት ግን 31 በመቶ። እዚያ አገር ሐበሻ ልጅ በየትኛው መደብ እንደሚቆጠር ለእናንተ አልነግርም።

“ቢሆንም ገዳይ ሲመጣ ያድናል” የሚል ይኖራል። በ2018 በፓርክላንድ፣ ፍሎሪዳ፣ 17 ሰዎች ሲገደሉ የታጠቀው የትምህርት ቤቱ ፖሊስ ውጭ ቆሞ ነበር (በ2023 ፍርድ ቤት ነጻ አለው)። በ2022 በዩቫልዲ፣ ቴክሳስ፣ የትምህርት ቤቶቹ የራሳቸው ፖሊስ መምሪያ ነበራቸው። በዕለቱ ከየአቅጣጫው 376 የጸጥታ ሰዎች መጡ። ገዳዩ ጋ እስኪገቡ ግን 77 ደቂቃ ፈጀ፤ 19 ሕፃናትና ሁለት መምህራን አለቁ።

ታዲያ ይውጡ? ይሄም ተሞክሯል። ጆርጅ ፍሎይድ ከተገደለ ከጥቂት ቀናት በኋላ፣ በጁን 2020፣ የሚኒያፖሊስ ትምህርት ቤቶች ከፖሊስ ጋር የነበራቸውን ውል አፈረሱ። በዚያው ወር ዴንቨር ተከተለች። በዴንቨር ግን የሆነውን ስሙ። በማርች 2023 ኢስት ሃይስኩል ውስጥ በየቀኑ እንዲፈተሽ የተወሰነበት ተማሪ ነበር። የሚፈትሹት ማን ናቸው? የትምህርት ቤቱ አስተዳዳሪዎች! አንድ ጠዋት ልጁ ሽጉጥ አውጥቶ ሁለቱን አቆሰለ። ቦርዱ በማግስቱ እገዳውን አነሳ፤ በጁን በ4 ለ3 ፖሊሶች እንዲመለሱ አጸደቀ። ፖሊሱን ሲያስወጡ ሥራው አብሮት አልወጣም፤ ባዶ እጃቸውን ባሉ ሰዎች ላይ ወደቀ።

ይሄ ነው የማይዋጥልኝ። ከኮለምባይን በኋላ ማስገባት፣ ከፍሎይድ በኋላ ማስወጣት፣ ከኢስት ሃይስኩል በኋላ መመለስ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ። ፖሊሲው የሚጻፈው ሁሌም በድንጋጤ ማግስት ነው።

ጥናት የለም እንዳይባል አለ። በ2021 ይፋ የሆነ አንድ ሰፊ አገር አቀፍ ጥናት ፖሊስ ያለበት ትምህርት ቤት ውስጥ ጠብና ዛቻ እንደሚቀንስ አገኘ። የጦር መሣሪያ ተኩስን ግን አያስቀርም። ከትምህርት መታገድ፣ መባረርና መታሰር ደግሞ ይጨምራል፣ ይልቁንም በጥቁር ተማሪዎች ላይ። ስለዚህ ሁለቱም ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። ልጇ በጠብ መሃል እንዳይጎዳ የምትፈራዋ እናት አልተሳሳተችም። ልጇ በረባ ባልረባው መዝገብ እንዳይከፈትበት የምትሰጋውም እንዲሁ። አንዲት እናት ሁለቱንም ልትሆን ትችላለች።

አሁን ወደ ሊትል ሮክ ልመለስ። ወሳኙ ሰውዬው መቆሙ ሳይሆን ትእዛዙ ነው ብዬ ነበር። በ2019 ኤሲኤልዩ የተባለው የመብት ድርጅት እንዳወጣው፣ 14 ሚሊዮን ተማሪዎች ፖሊስ ባለበት፣ ግን የምክር ባለሙያ፣ ነርስ፣ የሥነ ልቦና ወይም የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ቢያንስ አንዱ በሌለበት ትምህርት ቤት ነበሩ። ሌላ ሰው በሌለበት ቤት ሁሉ ነገር ወደ ፖሊሱ ይሄዳል። የተከፋው፣ የተጣላው፣ ስልክ የያዘችው፣ ሁሉም። መዶሻ ብቻ የሰጡት ሰው ደግሞ ጉድጓድ አይቆፍርም።

ስለዚህ በአሌክሳንድሪያም ሆነ በዴንቨር ያላችሁ እናትና አባቶች፣ ታላቅ ወንድምና እህቶች፣ በአማርኛ የተጻፈ የትምህርት ቤት ደብዳቤ እጃችሁ ሲገባ ወደ ጎን አታድርጉት። ስብሰባ ሂዱና “ፖሊስ ይኑር አይኑር” ከሚለው በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ልጄ ምን ስታጠፋ ነው ፖሊስ የሚጠራው፣ ተጽፏል ወይ? ፖሊስ ልጄን ከማናገሩ በፊት ለእኔ ይደወልልኛል ወይ? ፖሊስ የማይጠራ ከሆነስ በእሱ ቦታ ማን ይመጣል?

ለሦስተኛው መልስ ካጡ፣ ወይ ዴንቨርን ወይ ሳውዝ ካሮላይናን እየጠበቁ ነው። ከተማዋም በ4 ለ3 ስትገለባበጥ ትኖራለች።

ቸር ይግጠመን።