አባት ያስቀመጠው ወሰን
ስለ መዶሻ ወርዋሪው ኮጂ ሙሮፉሺ በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር

በአገራችን ስለ ስፖርት ሲነገር አስቀድሞ በሰው ልብ የሚታሰበው የረዥም ርቀት ሩጫ ነው። ዛሬ የምንናገረው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ተጋድሎ፣ ይኸውም ስለ መዶሻ ውርወራ ነው። በንግግራችን የሚጠቀሱት ዓመታት ኹሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

መዶሻ ይባል እንጂ አናጢ የሚይዘው መሣሪያ አይደለም። የብረት ድቡልቡል በሽቦ ታስሮ፣ በሽቦው ጫፍ መያዣ የተበጀለት፣ በጠቅላላው 7.26 ኪሎ ግራም የሚመዝን ነው። ወርዋሪው የጎን ለጎን ስፋቱ 2.135 ሜትር በኾነ ክብ ውስጥ ይቆማል፤ መዶሻውን በራሱ ዙሪያ ካዞረ በኋላ እርሱም አብሮት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተሽከርክሮ ይለቀዋል። ውርወራው 80 ሜትር እንዲደርስ ብረቱ ከእጅ ሲወጣ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ መፍጠን አለበት፤ በዚያች ቅጽበት ሰውየውን ወደ ውጭ የሚስበው ኀይል ከ300 ኪሎ ግራም ሸክም አያንስም። ስለዚህ ጕልበት ብቻውን አይበቃም፤ ሚዛንና የጊዜ ልክ የሚያውቅ አካል ያስፈልጋል።

በጃፓን አገር ሺጌኖቡ ሙሮፉሺ የተባለ ስመ ጥር ወርዋሪ ነበረ። ከ1970 እስከ 1986 በተደረጉት አምስት የእስያ ጨዋታዎች በተከታታይ የወርቅ ሜዳይ ተሸልሟል። በ1984ም 75.96 ሜትር ወርውሮ የአገሩን ከፍተኛ ወሰን አስቀመጠ። «የአባት ዕዳ ለልጅ» እንዲሉ፣ ይህን ወሰን ማለፍ በ1974 ለተወለደው ልጁ ለኮጂ ቀረለት። አባት ግን ወሰኑን እንደ ርስት አጥሮ አልጠበቀም፤ ራሱ አሠልጣኝ ኾኖ ልጁ የሚያልፍበትን መንገድ አሳየው እንጂ። ልጅዮውም በ1998 አለፈው።

ኮጂ የጃፓንን ብሔራዊ ሻምፒዮና መጀመሪያ ያሸነፈው በ1995 ነው። በ2003 በፕራግ ከተማ 84.86 ሜትር ወረወረ። በ2004 በአቴና ኦሊምፒክ በ82.91 ሜትር ሁለተኛ ኾኖ ነበር፤ ቀዳሚው የሃንጋሪ ተወዳዳሪ የመድኀኒት ምርመራውን ሕግ ባለማክበሩ ድሉ ሲሰረዝ ወርቁ ለእርሱ ተላለፈ። በ2011ም በ36 ዓመቱ፣ በኮርያ አገር በዴጉ ከተማ በ81.24 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ኾነ፤ ሁለተኛውን የበለጠው በ6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነበር።

እንግዲህ ዓለምን ያሸነፈ ሰው፣ በአገሩ ውስጥ እኩያ ሳይኖረው፣ ለብሔራዊው ሻምፒዮና በየዓመቱ እንዴት ይዘጋጃል? ለእንዲህ ያለው ሰው ከተወዳዳሪዎቹ ይልቅ የሚያሠጋው ልማድ ነው። አካል አንድን እንቅስቃሴ አብዝቶ ሲደጋግም ይለምደዋል፤ ከለመደውም በኋላ ሳያስብ ይሠራዋል፤ ያን ጊዜ ዕድገቱ ይቆማል።

ኮጂ ይህን በትምህርት መርምሮታል። አባቱ ባስተማረበት በቹኪዮ ዩኒቨርሲቲ ስለ መዶሻ ውርወራ አጥንቶ የዶክተርነት ማዕርግ አግኝቷል። በልምምዱም ጊዜ በክብደት ማንሻው ብረት ጫፎች ላይ መዶሻዎች አንጠልጥሎ ያነሣ ነበር። መዶሻዎቹ እንደ ፈቀዳቸው ስለሚወዛወዙ አካሉ በየቅጽበቱ አዲስ ሚዛን እንዲፈልግ ይገደዳል። እንደ ዓሣ አጥማጅ መረብ መወርወርንም ተለማምዷል፤ የጋዜጣ ገጽ በአንድ እጁ ጨብጦ በጣቶቹ ብቻ ማጨማደድንም ከሥልጠናው ቈጥሮታል። የዓለም ሻምፒዮን በወረቀት ሲሠለጥን ማየት ያስቃል ይኾናል፤ ዳሩ ግን ትንሹን ሥራ ያልናቀ ሰው በትልቁ አይሰንፍም።

በ2014 በፉኩሺማ በተደረገው ሻምፒዮና፣ በ39 ዓመቱ 73.93 ሜትር ወርውሮ አሸነፈ። ርቀቱ አባቱ በ1984 ካስቀመጠው ወሰን ያነሰ ነበር፤ ይኹን እንጂ ድሉ ያለ ማቋረጥ የተገኘ ሃያኛው ብሔራዊ ድል ኾነ። በ2016 እንደ ገና ለዚያው ውድድር ተዘጋጅቶ ቀረበ፤ ዕድሜ ግን የማይቀረውን ፍርድ ሰጠ፤ ሳያሸንፍ ቀርቶ ክቡን ለተተኪዎቹ ለቀቀ። በ2020 የጃፓን መንግሥት የስፖርት መሥሪያ ቤት ኀላፊ ኾኖ ተሾመ።

ክቡራን አድማጮች፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። በሥራው የቀደመ ሰው የሚያውቀውን ለተከታዩ ሳይሰስት ቢያስተምር፣ ስሙ በተከታዩ ሥራ ይታደሳል እንጂ አይጠፋም። ደግሞም ልማድ ሥራን ያቀላል፤ ጥንቃቄ ሲለየው ግን ትጋትን ያስተኛል። በየቀኑ አንድ ዓይነት መዝገብ የሚገልጥ፣ አንድ ዓይነት ደብዳቤ የሚያረቅቅ ሠራተኛ፣ የዛሬውን ባለጕዳይ እንደ መጀመሪያው ባለጕዳይ አድርጎ ቢመለከተው፣ ያ ጃፓናዊ ለሃያኛው ሻምፒዮና እንደ ተዘጋጀ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።