«አላገኘሁትም» ማለትን ያልፈሩት ዓሊም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ንግግራችን በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ለምትገኙ ወንድሞችና እህቶች ነው። መምህሮቻችሁ «የጥቅሱን ምንጭ ጻፉ» ሲሏችሁ፣ ነገሩ ከምዕራባውያን ዩኒቨርሲቲዎች የመጣ ደንብ ብቻ ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን «ይህን ማን አለ? አንተስ ከማን ሰማህ?» የሚለው ጥያቄ በኢስላም ታሪክ ውስጥ ከቀደምት ትውልዶች ጀምሮ የነበረ ነው። በ110 ዓመተ ሂጅራ የሞቱት ታቢዒይ ሙሐመድ ኢብኑ ሲሪን፣ ሰዎች ቀድሞ ስለ ኢስናድ አይጠይቁም እንደነበር፣ ፊትና ከተከሰተ በኋላ ግን የነገሯቸውን ሰዎች ስም መጠየቅ እንደጀመሩ አውስተዋል። ምንጭ መጥቀስ ዲንን ከውሸት የመጠበቂያ አጥር ነበር ማለት ነው።

በዚህ ረገድ የአካባቢያችንን ስም የተሸከሙ አንድ ዓሊም አሉን። ኢማም ጀማሉዲን ዐብዱላህ ኢብኑ ዩሱፍ አዝ-ዘይለዒ ይባላሉ። በ762 ዓ.ሂ. (1360 እ.ኤ.አ.) ካይሮ ውስጥ ወደ አኼራ ሄዱ። ዘይለዕ የይፋት ንግድ ወደ ባሕር የሚወጣባት ወደብ ነበረች። በዚያው ክፍለ ዘመን የኖሩት አል-ዑመሪ እንደጻፉት፣ የግብፅና የሻም ሰዎች የሐበሻን ሙስሊም ግዛቶች በጠቅላላ በዘይለዕ ስም ይጠሯቸው ነበር።

በሐነፊ መዝሀብ ተከታዮች ዘንድ እጅግ ከሚከበሩት የፊቅህ ኪታቦች አንዱ፣ በ593 ዓ.ሂ. የሞቱት የፈርጋናው ዓሊም አል-መርጊናኒ የጻፉት «አል-ሂዳያ» ነው። ኪታቡ ለሕግጋቱ ሐዲሶችን በማስረጃነት ያቀርባል፤ ይሁን እንጂ ሐዲሱን ማን እንደዘገበው ብዙውን ጊዜ አይገልጽም። በዛሬ አነጋገር የግርጌ ማስታወሻ የለውም። አዝ-ዘይለዒ ይህን ክፍተት ለመሙላት ተነሱ። «ነስቡ-ር-ራያ» በተሰኘው ሥራቸው ሐዲሶቹን አንድ በአንድ እየተከታተሉ ማን እንደዘገባቸው፣ በየትኛው ሰነድ እንደመጡና የሐዲስ ሊቃውንት ምን እንዳሉባቸው ጻፉ። ሙያው ተኽሪጅ ይባላል። ሥራው በ1938 (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ውስጥ በአራት ቅጽ ታትሟል።

ተማሪ ከእኚህ ሰው ሦስት ነገር ሊወስድ ይችላል።

አንደኛው፣ ቃልንና መልእክትን መለየት ነው። በአል-ሂዳያ የሰፈረው አነጋገር በሐዲስ ኪታቦች ካልተገኘ፣ በዚህ ቃል እንዳልመጣ ይናገሩና በመልእክት የሚቀርበውን ከነምንጩ ያመጣሉ። ከእርሳቸው በፊት ኢማም አሽ-ሻፊዒይ (204 ዓ.ሂ.) «አር-ሪሳላ» ላይ፣ ትርጉምን የሚለውጠውን ቃል የማያውቅ ሰው ሐዲስን እንደሰማው ፊደሉን ሳይለውጥ እንዲያደርስ ጠይቀዋል። እኛም የሰውን ሐሳብ በራሳችን አነጋገር ስንጽፍ ትርጉሙ አለመዛባቱን እናረጋግጥ፤ ቃሉን እንዳለ ከወሰድን ደግሞ በትእምርተ ጥቅስ እንክበበው። ሁለት ሦስት ቃል ቀያይሮ የራስ ማስመሰል ከሁለቱም አይደለም። ምንጩ ግን በሁለቱም መንገድ ይጠቀሳል።

ሁለተኛው፣ ፍትሕ ነው። አዝ-ዘይለዒ ሐነፊ ቢሆኑም የሌሎች መዝሀቦችን ማስረጃም ከነምንጩ አስቀምጠዋል። የተቃራኒን ንግግር ቆርጦ ማቅረብ ቀላል ነበር፤ አላደረጉትም።

ሦስተኛው ከሁሉም ይከብዳል። ፈልገው ያጡትን ሐዲስ «ገሪብ» ይሉታል፤ በእርሳቸው አጠቃቀም አላገኘሁትም ማለት ነው። ያን የመሰለ ሊቅ እንዲህ ብሎ መጻፍ አላሳፈረውም። ጥቅሙም ኋላ ታየ። ኢብኑ ሐጀር አል-ዐስቀላኒ (852 ዓ.ሂ.) ሥራውን አሳጥረው አዘጋጁት፤ ቃሲም ኢብኑ ቁጥሉቡጋ (879 ዓ.ሂ.) ደግሞ ያመለጣቸውን የሚያሟላ ኪታብ ጻፉ። ክፍተቱን በግልጽ ባይተዉት ኖሮ ተከታዩ ትውልድ የት እንደሚፈልግ በምን ያውቅ ነበር? ዛሬ ኮምፒዩተር ጭምር ያልተጻፈ መጽሐፍ ስም ፈጥሮ በሚሰጥበት ጊዜ፣ ያላነበብነውን እንዳነበብን አድርገን በዋቢነት ስንደረድር የሚከተለንን ሰው ገደል እየመራነው ነው።

አንድ ነገር እንጨምር። አዝ-ዘይለዒ የሚባሉ የፊቅህ ዓሊም ሌላም አሉ፤ የ«ተብዪኑል ሐቃኢቅ» ባለቤት ፈኽሩዲን ዑስማን (743 ዓ.ሂ.)፣ የጀማሉዲን መምህር ናቸው። «አዝ-ዘይለዒ እንዳሉት» ብሎ ብቻ የጻፈ ተማሪ የመምህሩን ቃል ለደረሳው፣ የደረሳውን ለመምህሩ ሊሰጥ ይችላል። ሙሉ ስምና የኪታብ ርእስ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ውድ አድማጮች! አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ ኣሊ ዒምራን አንቀጽ 188 ባልሠሩት ሥራ መመስገንን የሚወዱ ሰዎችን ይወቅሳል። የሌላውን ድካም በስማችን አቅርበን በምናገኘው ዲግሪ ነገ ሐኪም፣ ዳኛ ወይም መምህር እንሆናለን፤ ሰውም ያምነናል። ዕውቀት አማና ነው፤ አማና ደግሞ ለባለቤቱ ይመለሳል። አላህ ያወቅነውን የምንሠራበት፣ ያላወቅነውን «አላውቅም» የምንል ያድርገን። ኣሚን።