ፓስተር ግቢና «ውሻህ ነከሰኝ» የሚለው ክስ

ታክሲ ውስጥ «ፓስተር ላይ ወራጅ አለ!» ሲባል ሰምቶ እዚያ አካባቢ አንድ ሰባኪ የሚኖር የመሰለው እንግዳ ቢኖር አይፈረድበትም። ጉለሌ ላይ ፓስተር ማለት ግን ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር ነው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ላይ የንጉሡ መንግሥት ከፓሪሱ ፓስተር ኢንስቲትዩት ጋር ተስማምቶ ላቦራቶሪ አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ተቋሙ ስሙን ስንት ጊዜ እንደቀያየረ ለመቁጠር ጣት አይበቃም ባይባልም ይሰለቻል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይባላል። ሰፈሩ ግን ወይ ፍንክች። ውሻ የነከሰው ሰው «ፓስተር ሂድ» ነው የሚባለው።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ውሻ ነው። በትክክል ለመናገር፣ ነከሰ ስለተባለው ውሻ።

እንበልና አንድ ጎረቤት እግሩን በጨርቅ ጠምጥሞ መጣ። «ጋሼ፣ የእርስዎ ውሻ ከሦስት ሳምንት በፊት ነክሶኛል፤ ካሳ ይክፈሉኝ» አለ። ጋሼ ውሻቸው ቀን ቀን እንደሚታሰር ያውቃሉ። ሰውየው የሕክምና ወረቀት የለውም። የተቀደደ ሱሪም አላሳየም። ከእንጦጦ ጅብ በሚወርድበት በዚህ ሰፈር ውሻ የሌለው ግቢ ጥቂት ነው፤ ማታ ማታ ደግሞ ባለቤት ያለውም የሌለውም ውሻ አብሮ ነው የሚሮጠው። ታዲያ የትኛው ቡችላ የማን እንደሆነ በጨለማ ማን ለየው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክኸርስት የእብድ ውሻ በሽታን ታሪክ በኢትዮጵያ ሲያጠኑ፣ አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን ትልቅ ወረርሽኝ የሚያስቀምጡት እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1903 ላይ ነው። በእኛ 1895 ዓ.ም. ክረምቱ ሊወጣ ሲል መሆኑ ነው። ከተማዋ ገና ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላትም ነበር። በዚያን ዘመን «ነከሰኝ» እና «አልነከሰም» የሚባባሉ ሰዎች የሚዳኙት በምስክር፣ በመሐላና በውርርድ ነው። ነገሩ በንግግር ችሎታ ይረታል ማለት ነው። ስለ ቁስሉ የሚናገር ወረቀት አልነበረም።

ወረቀቱን ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንዱ ፓስተር ግቢ ሲሆን ሁለተኛው ሕጉ ነው። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1952 ዓ.ም. ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ሥራ ላይ ዋለ። ቁጥር 2071 በውሻ ባለቤት ላይ ጨካኝ ነው። እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆንም፣ ጉዳቱ የማይጠበቅ ቢሆንም ባለቤቱ ይከፍላል። «ጥፋት የለብኝም» ብሎ መከራከር አያድንም። የሚያድነው ጥፋቱ የተጎጂው የራሱ መሆኑን ማስረዳት ነው። (አንድ ደስ የሚል ቀዳዳ አለ። ባለቤቱ ጥፋት ከሌለበት እንስሳውን ራሱን ለተጎጂው አስረክቦ ከዕዳው መውጣት ይችላል። የነከሰህን ውሻ ይዘህ ወደ ቤትህ ግባ እንደ ማለት! በሬ ሲሆን ያዋጣል፤ ውሻ ሲሆን እንጃ።)

የዚህ ሕግ ውጤት ምን መሰላችሁ? ባለቤቱ «ጠንቅቄ አስሬው ነበር» የሚለው መከላከያ ስለተነጠቀ ክርክሩ በሙሉ ወደ ሁለት ጥያቄዎች ይጠባል። በእርግጥ ንክሻ ነበር ወይ? ውሻውስ የእኔ ነው ወይ? ይህን የማስረዳት ሸክም በከሳሹ ላይ ነው። ክሱንም በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ለሕሊና ጉዳት የሚሰጠው ካሳ ደግሞ ጣሪያው 1 ሺህ ብር ነው። በ1952 ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን በእሱ የሚዋሽ ሰው የለፋበትንም አያገኝ። ዋናው ገንዘብ ያለው በሕክምና ወጪና ከሥራ በቀረበት ቀን ላይ ነው፤ ሁለቱም ደረሰኝና ማስረጃ ይጠይቃሉ።

ኢንሹራንስስ? በምኒልክ ዘመን የሐበሻ ባንክ ለውጭ ኩባንያ ወኪል ሆኖ የእሳትና የባሕር ኢንሹራንስ ይሸጥ ነበር። በ1967 ዓ.ም. ደርግ 13 ኩባንያዎችን ወረሰ፤ በ1986 ለግሉ ዘርፍ እንደገና ተፈቀደ። የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ግን አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ከመኪና ጋር ነው፤ እሱም ግዴታ የሆነው በ2000 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ነው። ቤቱን ያስገባ ሰው ቢኖር እሳትና ሌባን አስቦ ነው እንጂ ማንም «ውሻዬ ቢነክስስ?» ብሎ ውል አይፈርምም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ግን ይህን በደንብ ያውቁታል። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የቤት ኢንሹራንሶች ለውሻ ንክሻና መሰል ጉዳቶች የከፈሉት ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው።

ኃላፊነትን የሚሸፍን የቤት ውል የያዘ ሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ አለበት። እንዲህ ያሉ ውሎች «ያለ ኩባንያው ፈቃድ ጥፋትህን አትመን፣ ካሳም ቃል አትግባ» የሚል አንቀጽ የመያዝ ልማድ አላቸው። እስቲ ይህን ጉለሌ ላይ ሞክሩት! ጎረቤት ሲነከስ ወግ ያለው ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው እየሮጠ ሄዶ «አፈር ልብላ፣ ይቅር በሉኝ» ማለት ነው። ማታውን ሽማግሌ ይቀመጣል። ኩባንያው ይህን ሲሰማ «አምነሃል» ሊል ይችላል። ዝም ብለው ቢቀመጡ ደግሞ በዕድሩ ፊት ሰው አይደሉም። እኔ ብጠየቅ መሐል መንገድ አለ ባይ ነኝ፤ «እግዜር ይማርህ» ማለት «የእኔ ውሻ ነው» ማለት አይደለም። ተጎጂውን አብሮ ሐኪም ዘንድ መውሰድም ዕዳን ማመን አይደለም።

እንዲያውም የተጠራጠረ ሰው ከማንም በላይ መቸኮል ያለበት ወደ ሐኪም ነው። ጥርጣሬ ያለበት ሰው የሚያጠፋው ትልቁ ጥፋት ነገሩን ማጓተት ነውና። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ሰውየው ውሸታም ይሁን እውነተኛ፣ ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት፤ ከዚያ ክትባቱ ይቀጥላል። የእናቶቻችን ትውልድ የሚያስታውሰው ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋውን 14 መርፌ ነው። እሱ ከበግ አንጎል የሚሠራ አሮጌ ክትባት ሲሆን እዚያው ግቢ ለአሥርት ዓመታት ተመርቷል። እንግዲህ ያን ሁሉ መርፌ ለውሸት የሚወጋ ሰው ማግኘት ከባድ ነበር!

ውሻውን በተመለከተ የሕክምናው ደንብ ለዳኛውም ይጠቅማል። ውሻው ይታሰርና ለ10 ቀን ይታያል። ከንክሻው በኋላ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በዚያች ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም። በእነዚህ ቀናት ውስጥ የክትባት ደብተሩ፣ መልኩ፣ መጠኑ፣ ማን እንዳየው፣ ሁሉም ይጻፋል። የሰፈር ወጣቶች በድንጋይ ጭንቅላቱን ከፈጠፈጡት ግን ሁለቱም ወገን ማስረጃውን አጣ፤ ምርመራው የሚደረገው በአንጎሉ ላይ ነውና። ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣው የጋሼ ከሳሽ የሚጠረጠረውም ለዚህ ነው። የ10 ቀኑ ጊዜ አልፏል፤ ፓስተር ግቢም ሆነ ጤና ጣቢያ ስሙ የለም። ቢሆንም የዘገየ ሰው ሁሉ ዋሾ አይደለም፤ ብዙ ሰው መጀመሪያ ጠበል ወይም የባህል ሐኪም ዘንድ ይሄዳል። ጋሼ ዛሬም ቢሆን ይዘውት ሄደው ማስመርመር አለባቸው።

ስሙን ለሰፈሩ ያወረሰው ሰውዬም ቢሆን ዝነኛ ሥራውን የጀመረው በዚሁ ዓይነት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ከአልሳስ ሦስት ሰዎች ፓሪስ እሱ ዘንድ መጡ፤ የ9 ዓመቱ ዮሴፍ ማይስተር፣ እናቱና የውሻው ባለቤት የሆነ ባለሱቅ። ባለቤቱም «እኔንም ክንዴን ነክሶኛል» አለ። ፓስተር ክንዱን አየ፤ በልዟል፣ ነገር ግን ጥርሱ ሸሚዙን እንኳ አልበሳም። የዚያኑ ዕለት ወደ አገሩ አሰናበተው። ውሻው ቀድሞ ተገድሎ ስለነበር ማበዱ የተገመተው ሆዱ ውስጥ በተገኘው ጭድና እንጨት ነው፤ በእርግጥ አብዶ ነበር ወይ እያሉ የሚጠይቁ የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ አሉ። ልጁ ግን ተከተበ፤ ዳነ፤ አድጎም የፓስተር ኢንስቲትዩት ዘበኛ ሆነ።