ከማዕዱ ያራቅናቸው

ወገኖች፣ ስለ ንስሐ ስንሰብክ አብዛኛውን ጊዜ የምንዘረዝረው ስካርን፣ ዝሙትንና ውሸትን ነው። ደካም ሆነ ቦንጋ፣ በካፋ የምንኖር አማኞች ግን ስሙን ሳንጠራ የምናልፈው አንድ ኃጢአት አለን።

በካፋ ነገሥታት ዘመን ማንጆዎች በጫካው ያድኑ፣ የመንግሥቱንም በሮች ይጠብቁ ነበር። በ1897 እ.ኤ.አ. የምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት አገሩን ያዘ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾም ተማረከ። ዙፋኑ ወደቀ፤ ንቀቱ ግን አልወደቀም። ማንጆዎች ጉሬዛና የዱር አሳማ ይበላሉ ተብለው እንደ ርኩስ ተቆጠሩ። ከሌላው ሰው ቤት አይገቡም፣ ከማዕዱም አይቆርሱም። ማገዶና ከሰላቸውን ግን እንገዛ ነበር!

ወንጌል ከመጣ በኋላስ? እውነቱን እንናገር። በጸሎት ቤት አብረን ዘምረን፣ ከደጅ ስንወጣ ለቡና የማንጠራራ ሆንን። ስንጠየቅም «የአባቶቻችን ልማድ ነው» እንላለን። ነህምያ ግን የአባቶቹን በደል ሲናዘዝ ራሱንም ጨምሮ ነው (ነህ. 1፥6)።

ጴጥሮስም በአንጾኪያ ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር፤ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ግን ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ። ጳውሎስ በሁሉ ፊት ወቀሰው (ገላ. 2፥11-14)። ያው ጴጥሮስ በኋላ ጳውሎስን የተወደደ ወንድም ብሎ ይጠራዋል (2ጴጥ. 3፥15)። የወቀሰንን ሰው እንዲህ መጥራት ለእኛ ለመጋቢዎች እንኳ ቀላል አይደለም።

እኛ በድለናል። ማንጆ ወንድሞቻችንንና እኅቶቻችንን ይቅርታ መጠየቅ ያለብን ከመድረክ ላይ ብቻ አይደለም፤ ቤታቸው ገብተን፣ ያፈሉልንን ቡና እየጠጣን ነው።